እርማት፦ የጤና መተግበሪያ ሁሉ በሕክምና ምስጢር ሕግ አይገዛም

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ከባሕር ዳር ልጆች አስተያየቶች መካከል ደጋግሞ የተነሣው ሐሳብ፣ በአጭሩ፣ የአሜሪካ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚያቀርቧቸው የጤና መተግበሪያዎች ሁሉ በአገራቸው የሕክምና ምስጢር ሕግ ስለሚገዙ የጻፍነው ከሐኪም ሌላ ማንም ዘንድ አይደርስም የሚል ነው። ጸሐፊዎቹን ባከብርም፣ ይህ ትክክል አይደለም።

ሂፓ (HIPAA) የሚባለው ይኸው የ1996 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ የሚያስገድደው በዋናነት ሕክምና ሰጪዎችን፣ የጤና መድን ድርጅቶችንና ለእነርሱ መረጃ የሚይዙትን ነው። አማዞን በ2023 የገዛው ዋን ሜዲካል ሐኪሞች የሚያክሙበት ክሊኒክ ስለሆነ ይሸፈናል፤ እርምጃ የሚቆጥር ወይም የወር አበባ ቀን የሚመዘግብ መተግበሪያ ግን፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ በአብዛኛው ከሕጉ ውጭ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ቤተርሄልፕ የተባለው የኢንተርኔት የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፏል በሚል ክስ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል።

በቅርቡ ጣና ዳር ሻይ ስንጠጣ አንድ ወዳጄ የስኳር ልኬቱን በስልኩ ሲሞላ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳያነብ ተጫነው (እኔም ስንት ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ)። አብረን የመተግበሪያውን ውል እስከ ታች ስናነብ መረጃው ለማስታወቂያ አጋሮች እንደሚተላለፍ ተጽፎ አገኘን። ማጣራቱም ይኸው ነው፦ የግላዊነት መመሪያውን ከፍቶ ሂፓ የሚለውን ቃል መፈለግ፣ ቀጥሎም መረጃው ለማን እንደሚሰጥ የሚገልጸውን ክፍል ማንበብ፤ ይህም የሕመም ታሪክ ከመሞላቱ በፊት መሆን አለበት፣ አንዴ የተላለፈውን መልሶ መሰብሰብ አስቸጋሪ ነውና።