ለጭላዳ «በሞቴ!»

የጎንደር ሰው ማስተናገድ ያውቅበታል። እንግዳ ከመጣ የዶሮዋ ቀን ደርሷል ማለት ነው፤ ጠላው ይቀዳል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ እንግዳው ጠግቦ ትንፋሽ ቢያጥረው እንኳ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ሳይባል አይለቀቅም። ያላወቅንበት ሌላው ወገን ነው፤ እንግዳ ሆኖ መሄድ። ሰው ቤት ከሆነ እንደምንም እንሆናለን። ጫማ እንጠርጋለን፣ ድስት አንከፍትም፣ ያልገቡበት ጓዳ አንገባም። አስተናጋጁ ተራራ የሆነ እንደሆነ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋብናል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሩቅ አገር አይደለም። ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ነው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። እንዲያም ሆኖ ፋሲል ግንብ ሥር ኳስ እየጠለዝን ያደግን ብዙዎች ፓርኩን ሳናይ ጎልምሰናል። ዋልያን የምናውቀው በብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ነው። ዳሸንንም የጠጣነው እንጂ የወጣነው ጥቂቶች ነን። ስለ ቅርስ ሲነሳ ደረታችንን የምንነፋው በግንቡ ነው። ተራራው እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግንባችን ገና የአንድ ዓመት ወረፋ ይቀረው እንደነበር ለጎንደሬ ብትነግሩት ያኮርፋችኋል። ነግሬ አይቻለሁ።

አሁን አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ የጽዋ ማኅበርተኛው፣ ተመራቂው፣ ሙሽራው ከነሚዜው «ሰሜን እንውጣ» ማለት ጀምሯል። እሰየው ነው። የኛም ማኅበር አለ፤ ለጉዞው ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው «ጉዞ ወደ ፓርኩ» ይላል፤ ውይይቱ ግን ስለ በግ ነበር። አንድ አይበቃም፣ ይበቃል፣ እዚያው ይታረድ፣ አርደን እንሂድ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «የበጉ ጉዳይ በስፋት ከታየ በኋላ» ብሎ ጻፈ። ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ፣ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ካምፕ ላይ ስንቆም ከጎንደር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ እንደምንል፣ ጃኬትና ደህና ጫማ፣ ደግሞም የቆሻሻ መያዣ እንደሚያስፈልግ ያነሳ ሰው «በልዩ ልዩ ሥር ይታይልህ» ተባለ። ልዩ ልዩ እንደሚታወቀው ሰው ኮቱን ለብሶ ለመሄድ የሚነሳበት ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ሚኒባሱ ጣራ ላይ የወጣው ይህ ነበር፦ ትልቅ ስፒከር፣ ከሰል፣ ድስት፣ ቢራ በሳጥን፣ ሙሉ የቡና ዕቃ ከነረከቦቱ፣ በላዩም አንድ ትልቅ እስር ቄጤማ። ቄጤማ! ሣር በሣር ወደሆነ አገር የራሳችንን ሣር ጭነን ወጣን።

ደባርቅ ላይ መግቢያ ይከፈላል፣ እስካውት የሚሉት መሣሪያ የታጠቀ አጃቢ ይያዛል። የአገር ፍቅር የሚያይለው እዚህ ቦታ ነው። ለሰርግ ቪዲዮ ስንት እንደከፈለ የማያስታውስ ሰው፣ ለአገር ልጅ ተብሎ የተቀነሰውን ዋጋ ሰምቶ «በገዛ ተራራዬ?» ይላል። «የእገሌ እህት ልጅ ነኝ» ይከተላል። ስልክ ይደወላል። ደባርቅ ውስጥ አለ የተባለው ዘመድ አያነሳም፤ ልምድ ያለው ዘመድ ነው። ከዚያ ይከፈላል፤ ደረሰኙም ፎቶ ተነስቶ ለጓደኛ ይላካል።

የደረሱን እስካውት ሸምገል ያሉ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ፣ ክላሻቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ፣ ኮንጎ ጫማ የተጫሙ ሰው ናቸው። «አያ» አልናቸው። ጎንደር ውስጥ ከጂም የማይጠፋው ወዳጃችን አዲስ የስፖርት ጫማውን አድርጎ ከፊት ከፊት ሲል ቆይቶ፣ ከአንዲት ዳገት በኋላ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ አለ። አያ ቆመው ጠበቁት።

«አየሩ ከብዶኝ ነው» አለ።

«አየሩስ ቀሎ ነው ልጄ፤ የከበድከው አንተ» አሉት።

ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው ከሳንቃበር ብዙም ሳንርቅ ነው። መስኩን ሞልተው ተቀምጠዋል። በሁለት እጃቸው ሣሩን ነጨት ነጨት፣ ጭብጣቸው ሲሞላ ወደ አፍ፣ ከዚያ ሳይነሱ በመቀመጫቸው ፈቀቅ፣ እንደገና ነጨት። ደረታቸው ላይ ያቺ ቀይ ምልክት አለች፤ ወንዱ ጎፈሩን ትከሻው ላይ አንዠርጎ ቤተሰቡን ይቃኛል። ከዝንጀሮ ወገን በሣር የሚተዳደር እንደነሱ ያለ የለም። ቀኑን ሙሉ ካልነጩ አይጠግቡም፤ ስለዚህ ቀና ብለውም አላዩን።

ያኔ የማኅበራችን ታላቅ እትዬ አንጀታቸው ተላወሰ።

«ውይ! ሣር ብቻ? ዓመት ከዓመት ጾም?» ከዘንቢላቸው ድፎ ዳቦ ወጣ።

«ይተዉት እሜቴ» አሉ አያ።

«አንዲት ቁራሽ እኮ ነች።»

«ሥራ ላይ ነው። ሥራውን አያስፈቱት።»

እትዬ ግን በዕድሜያቸው አንድ ፍጡር ፊታቸው ጾሙን ሲውል ዝም ብለው አያውቁም። ድፎውን ቆርሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ዘረጉ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ጎፈሬው ለአፍታ መንጨቱን አቆመና የላይኛውን ከንፈሩን ሽቅብ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን እንዳለ አሳያቸው።

«ሳቀልኝ!» አሉ እትዬ ወደኛ ዞረው። «ኧረ ፎቶ አንሱን!»

«ሳቅ አይደለም» አሉ አያ ቀስ ብለው መካከል እየገቡ። «ይራቁኝ ነው የሚልዎት። ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ነገ ሣሩን ንቆ መኪና ሲጠብቅ ይውላል። መኪና የቀረ ዕለት ገበሬው ገብስ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ድንጋይ የሚቀምሰው እሱ ነው፣ እርስዎ ጎንደር ነዎት።»

እትዬ ዳቦዋን መልሰው ጠቀለሉና «ከስንት አንድ ቀን መጥተን» ብለው ተቀየሙ። ማንን እንደተቀየሙ፣ አያን ይሁን ጭላዳውን፣ እስከ ማታ አልታወቀም።

ይህ ክፋት አለመሆኑን ልብ በሉልኝ። ክፋት ቢሆን እስካውት ይበቃው ነበር። ደግነት ነው፤ ደግነትን ደግሞ በክላሽ መመለስ አይቻልም። ውሻዬን ይዤ ልምጣ ያለው ወዳጃችንም እንዲሁ ደግ ሰው ነው፤ ውሻው ቤት ብቻውን እንዳይከፋው ብሎ እንጂ የእብደት በሽታና ሌላው የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን እንደሚፈጅ ማን ነግሮት! ጅብራ ላይ ተደግፎ ፎቶ የሚነሳውም ክፉ አይደለም። ተክሉ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያብብ፣ አብቦም እንደሚሞት ቢያውቅ ምናልባት ሌላ የሚደገፉት ነገር ይፈልግ ነበር። ምናልባት።

ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ከ3600 ሜትር በላይ ነው፤ ዋልያ የፈለገ ወደዚያ ይሂድ ይባላል። ደረስን። ከኛ በፊት የወረደው ስፒከሩ ነው። ዘፈኑ ገደሉን መትቶ ተመለሰ፤ በአንድ ዋጋ ሁለት ጊዜ ሰማነው። እስክስታው ደራ፣ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሽ አለቀ፣ ሰው በያለበት ተቀመጠ። ከዚያ አንዱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አስጎብኚውን «እሺ፣ ዋልያውስ?» አለው። አዝዞ የዘገየበት ነው የሚመስለው። ዋልያ ሰፊ ሜዳ እያለለት ገደል ላይ የሚኖርበት ምክንያት ለኔ የተገለጸልኝ ያን ሰዓት ነው።

በኋላ፣ ዘፈን ተመርጦ እስኪያልቅ በነበረው ፋታ፣ አስጎብኚው ቁልቁል ጠቆመን። ከገደሉ ወገብ ላይ፣ እኛ በዓይናችን እንኳ ለመቆም በምንፈራበት ጠርዝ፣ አንድ ወንድ ዋልያ ቀንዱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ወዲያው ፉጨት ተጀመረ። «ፊቱን ያዙራ!» አንዱ ድንጋይ አነሳ፤ አያ እጁን ከነድንጋዩ ያዙት። ዋልያ ከዚህ ተራራ ሌላ አገር የለውም፤ ያለው ሁሉ ቢቆጠር በጥቂት መቶዎች ነው የሚነገረው። የጀርባውን ፎቶ ይዞ መመለስም እንግዲህ ዕድል ነው።

ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ አደጋ ያንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ከቶት ነበር፤ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ የግጭ መንደር ሰዎች፣ ግጦሹ እንዲያገግም ተብሎ፣ ቀያቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሰው ቤቱን፣ የገብስ ማሳውን፣ የአባቱን ደጅ ትቶ ወጣ። እኛ ለአንድ ከሰዓት ስፒከር ማጥፋት አቃተን፤ «ትንሽ ቀንሱት» ያለ ሰው ራሱ «ደባሪ» ተባለ።

ቡናው ላይ ደግሞ ልምጣ። ቄጤማው የደረቀ ጓሳ ላይ ተጎዘጎዘ፣ ከሰሉ ተያያዘ፣ ነፋሱ ፍንጣሪውን ያበር ጀመር። አያ ሲሮጡ ያየናቸው ያኔ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጋው ሊያልቅ ሲል ፓርኩ ውስጥ እሳት ተነስቶ ጓሳ ሣሩንና አስታ የሚባለውን ዛፍ ሲበላው ለማጥፋት ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያ ከእስራኤል እስኪመጣ ድረስ ደርሶ ነበር። አያ ይህን በረጅሙ አልተረኩልንም። «አሁን በረካው ሳይደርስ ኬንያ ድረስ ልታስደውሉን ነው?» ብቻ አሉ። ረከቦቱ ወደ ካምፑ ማብሰያ ቤት ተዛወረ። ቄጤማውንም አንድ በአንድ አስለቀሙን፤ «ዘሩ እንዳይቀርብን፣ የናንተን ሣር ወደ አገራችሁ» እያሉ። ቡናውን ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይቀራቸው ጠጡ። እትዬም እዚያው ታረቋቸው፤ ዳቦዋን የበሏት እሳቸው ናቸው።

ሌሊቱ እንደተፈራው ነበር። በቲሸርት የመጣው ልጅ የገበታውን ጨርቅ ተከናንቦ አደረ። ብርዱ የስፒከሩን ባትሪ ጨርሶት ስላደረ ጠዋት ላይ ፓርኩን አየነው። ገደል ላይ ያደሩት ጭላዳዎች ፀሐይ ስትወጣ ከጠርዙ አንገታቸውን ብቅ፣ ከዚያ ልጅ ያዘለችው፣ ከዚያ ጎፈሬው፣ እየተንጠራሩ ሽቅብ ወጡና ተደርድረው ፀሐይ ሞቁ፣ ቅማል ተለቃቀሙ፣ በዚያች ልጎም ልጎም በምትለው ድምፃቸው የማታውን ወሬ አወሩ። ከበላያችን አንድ አሞራ አጥንት ይዞ ወጥቶ አለት ላይ ለቀቀው፤ ተሰባበረ፤ ወርዶ መቅኑን መጠጠ። ጂም የሚሄደው ወዳጃችን ስልኩን ኪሱ እንደከተተ ረስቶት ብዙ ሰዓት ቁጭ አለ። እትዬ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስረውት ነበር፤ እንዳያመልጣቸው ይመስለኛል። ያችን ጠዋት ያላየ ሰው የበጉን ሒሳብ ከሰረ። ያየ ደግሞ በጉ ትዝም አይለው።

ልንመለስ ስንል አያ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አመጡ። አላዘዙንም፤ አፉን ከፍተው መካከላችን አቆሙት። ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የቢራ ቆርኪ፣ ሶፍት፣ የበግ አጥንት ገባ። «የሙዝ ልጣጭስ ይበሰብሳል» ያለውን «ለዚህ ብርድ እሱም በረዶ ይሆናል፣ ክተት» አሉት። ጆንያው ጢም ብሎ ሞላ። አሁን ጥያቄው ጆንያው የትና ከማን ጋር ይሂድ የሚለው ሆነ። ሾፌሩ ውስጥ አላስገባም አለ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት በጤናቸው ማሉ። ሒሳብ ያዧ «ደባርቅ ጥለነው ብንሄድስ?» አለች፤ ደባርቆች መግቢያ ሲያስከፍሉን ያልናቸውን አስታውሰን ተውነው። በመጨረሻ ረዳቱ ጣራ ላይ፣ ስፒከሩ አጠገብ፣ በገመድ ጠፍሮ አሰረው።

ዳባት ላይ ለሻይ ቆምን። አንድ ነጋዴ ሰውዬ ሚኒባሱን ዞሮ ዞሮ አየና ረዳቱን ጠራው።

«ድንች ነው?»

«አይደለም። ከፓርኩ ነው።»

«ከፓርኩ?» ሰውዬው ጠጋ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስንት ትለዋለህ ታዲያ?»

ረዳቱ ወደኛ አየ፣ ወደ ጆንያው አየ፣ ጥቂት አሰበ። ከዚያ መሰላሉን ይዞ ጣራ ላይ ወጣና ገመዱን መፍታት ጀመረ።