ወገባችንን ማን ለካው?

ባለፈው ዓመት ከአንድ የምርመራ ማዕከል ስወጣ በእጄ ትልቅ ፖስታ ይዤ ነበር። ውስጡ የኤምአርአይ ፊልም፣ ከፊልሙ ጋር የተያያዘች አንዲት ገጽ። ገጿ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ወደ ውጭ እንደወጣ ትናገራለች። ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ሾፌሩ ፖስታውን አየና "ዲስክ ነው?" አለኝ። እናቱም እንዲህ ያለ ፖስታ አላቸው፤ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ወር ያህል እንቁላል በጉያው እንደያዘ ሰው ተራመድኩ። ጎንበስ ማለት ፈራሁ፣ ልጄን ማንሳት ተውኩ፣ በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ጥግ ይዤ ቆሜ ዋልኩ። ለዚህ ሁሉ ፍርሃት የወር ደመወዜን ግማሽ ከፍያለሁ።

ፖስታውን ሲሰጡኝ አብረው ሊነግሩኝ ይገባ የነበረ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ግምገማ፣ ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን ከ3000 በላይ ሰዎች ምስል ከ33 ጥናቶች ሰብስቦ ነበር። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው የወጣ ዲስክ አላቸው። በ40 ዓመት ግማሹ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶው። እኔ 40ን አልፌያለሁ። ፖስታው በትክክል ያወቀው ነገር ቢኖር ዕድሜዬን ነው።

ሕመሙን ማቃለሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው፣ ቁጥሩም በ2050 ወደ 843 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተሰልቷል። ከሦስት ወር በላይ የቆየው ሥር የሰደደ ይባላል። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ላይ ግን "የተበላሸው ይህ ነው" ተብሎ በጣት የሚጠቆም አካል አይገኝም፤ ሕመሙ እውነት ነው፣ ምስሉ ላይ ግን የለም። ዐሥረኛውን እንዳንረሳ ደግሞ፣ በእኛ አገር በተለይ። የአከርካሪ ቲቢ እዚህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወገቡ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ይመርመር። በእግሮቹ መካከል የደነዘዘው፣ ሽንት አልወጣ ያለው ወይም ያመለጠው ደግሞ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ለቀሩት ዘጠኙ ምን ይሠራል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። የሚደግፋቸው ነገሮች ተራ ይመስላሉ፦ ታማሚው ስለ ሕመሙ በቂ ትምህርት ማግኘቱ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ መታሸት፣ በሕመም ዙሪያ ያለውን ፍርሃትና አስተሳሰብ የሚያክም የሥነ ልቦና ሕክምና፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች። ለአብዛኛው ሰው አይመከሩም ያላቸው 14 ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ወገብን በክብደት መጎተት፣ እንደ ሞርፊን ያሉ አደንዛዥ ማስታገሻዎችና የወገብ ቀበቶ ይገኙበታል። ትራማዶልም ከነዚህ ማስታገሻዎች ወገን መሆኑን፣ በየፋርማሲው "ለወገብ" እያለ የሚጠይቅ ሰው ቢያውቀው ደግ ነው።

ቀበቶው ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኛ ቋንቋ ወገብ ዝም ብሎ የአካል ክፍል አይደለም። ሥራ የሚጀምር ወገቡን ታጥቆ ይነሣል፤ ሐዘን የወደቀበት ወገቤ ተቆረጠ ይላል። እናቶቻችን ወልደው ሲነሡ፣ ለድግስ ሊጥ ሲያቦኩ፣ መጀመሪያ የሚፈልጉት መቀነታቸውን ነው። ስለዚህ ያ ባለ ብረት ጥቁር ቀበቶ በሱቅ መስኮት ተሰቅሎ ስናየው ገና ሳንለካው እናምነዋለን። እኔም ገዝቻለሁ። (መቀነትን በክፉ አላነሳሁም፤ እናቴ ይህን ታነባለች።)

አንድ ሕክምና መሥራቱን ማወቅ ለምን ይህን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያሳይ የጀርመን ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሲሆን ከ1100 በላይ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሦስት መድቧል። አንደኛው ቡድን በቻይናው የአኩፓንክቸር ጥበብ በታወቁት ነጥቦች ላይ በመርፌ ተወጋ። ሁለተኛው ከነጥቦቹ ውጪ፣ ሳይጠልቅ፣ ለማስመሰል ብቻ ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒና እንቅስቃሴ አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ ከእውነተኛው መርፌ 47.6 በመቶ፣ ከማስመሰያው 44.2 በመቶ፣ ከተለመደው ሕክምና 27.4 በመቶ ተሻላቸው። መርፌው የትም ቢወጋ ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። ሰው እጁን አኑሮብህ፣ ጊዜ ሰጥቶህ፣ ይሻልሃል ብሎህ ሲሸኝህ ግን ወገብ ይሰማል። በዚያ ላይ ወደ ወጌሻ የምንሄደው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነው፤ የጠና ሕመም ደግሞ ሲውል ሲያድር በራሱም ጋብ ይላል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያ ሳምንት ያሸን ሰው ነው። ወጌሻው ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ኤምአርአይ የሚሸጠውም ሰው ቅር ሊለው ይገባል፤ እርሱ እንደ ወጌሻው ዘይት እንኳ አላሞቀም።

እንቅስቃሴ ይረዳል የሚለውስ? ይህ ከሁሉም በላይ የተጠና ነው። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው ግምገማ 249 ሙከራዎችን ደምሮ፣ እንቅስቃሴ ምንም ሕክምና ካለማግኘት፣ ከተለመደው ሕክምና ወይም ከማስመሰያ ጋር ሲነጻጸር ከ100 በሚለካ የሕመም ሚዛን ላይ 15 ነጥብ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። ተአምር አይደለም፤ ግን ቀበቶው ይህን አይሰጥም። እኔን ያስቆመኝ የጥናቶቹ አድራሻ ነው። 122ቱ ከአውሮፓ፣ 38ቱ ከእስያ፣ 33ቱ ከሰሜን አሜሪካ፣ 24ቱ ከመካከለኛው ምሥራቅ። ለቀረው ዓለም ሁሉ የተረፈው 32 ነው።

ታዲያ ምን አለበት፣ ወገብ ወገብ ነው ይባል ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ ግን ሁለት ዓይነት ወገብ አለ። አንደኛው እንደ እኔ ወንበር ላይ የሚውለው ነው። ለእርሱ መልሱ ከአውስትራሊያ መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በእግር እንዲሄዱ የተመከሩትና ትምህርት ያገኙት ሕመሙ ተመልሶ እስኪይዛቸው መካከለኛ ጊዜው 208 ቀን ሆነ፤ ምንም ያልተደረገላቸው 112 ቀን። የዘንባባው ጥላ ነጻ ነው፣ የሐይቁ ዳር መንገድም ነጻ ነው፤ የቢሮ ሰው ጫማውን አጥልቆ ይውጣ። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሁለተኛው ወገብ የአያ ነው። አያ የምላቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዘጌ በሚወስደው ዳርቻ የማውቃቸው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ማለዳ ከሐይቁ ሲመለሱ ዓሣው ከወረደ በኋላ ከባዱ ሥራ ይቀራቸዋል፤ ታንኳዋን ከውኃ ማውጣት። ታንኳዋ የተሠራችበት ደንገል ውኃ ይጠጣል። ደርቃ ሳለች ያለ ችግር የምትነሣው ታንኳ ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ካደረች እንደ ራሰ ፍራሽ ትከብዳለች። አያ ጫፏን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ፣ ጀርባቸውን አጉብጠው ይጎትታሉ፤ ትንሽ ያርፋሉ፤ ይጎትታሉ። እንድትደርቅ ካቆሟት በኋላ ቀጥ ይሉና መዳፋቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው ለረጅም ጊዜ ወደ ሐይቁ ይመለከታሉ። የሚያዩት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሐኪም ቤት ሄደው ያውቃሉ። "ዕረፍ፣ ከባድ ነገር አታንሣ" ተባሉ። "እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ታንኳዋን ማን ያውጣልኝ አይባልም መቼም" አሉኝ። እኔም ያነበብኩትን ይዤ፣ ዕረፍት አይበጅም፣ እንዲያውም እንቅስቃሴ ነው መድኃኒቱ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

"ልጄ፣ እኔ የምቆመው መቼ ነው?"

ለዚህ ጥያቄ በ249ኙ ሙከራዎች ማጠቃለያ ውስጥ መልስ አላገኘሁም። ውኃ በጀሪካን የምታመላልሰው፣ እምቦጭ ለመንቀል ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሲያጎነብስ የሚውለው፣ አሸዋ የሚጭነው፣ እነዚህ ሁሉ የጎደላቸው እንቅስቃሴ አይደለም። የጎደላቸው ምናልባት በሥራ ላይ የሰውነት አያያዝ ነው፣ ምናልባት በሥራ መካከል ዕረፍት፣ ምናልባት አንድ ሁለተኛ ሰው። ምናልባት እያልኩ የምጽፈው እኔ እስከማውቀው ማንም ስላልሞከረላቸው ነው።

መለኪያውም የእኛ አይደለም። በዓለም ዙሪያ በወገብ ጥናቶች ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ አገር የወጣው 24 ጥያቄ ያለው የሮላንድና ሞሪስ መጠይቅ ነው። ታማሚው "በወገቤ ምክንያት ደረጃ ስወጣ መደገፊያውን እይዛለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ይነበብለትና አዎ ወይም አይደለም ይላል። አያ ደረጃ የወጡበትን ቀን ማስታወስ ይቸግራቸዋል። በአንጻሩ ስንት ጊዜ ሰገድህ፣ ሶላት ላይ ሩኩዕ ስትወርድ ምን ተሰማህ፣ እንጀራ ስትጋግሪ ስንተኛው ላይ ቀጥ አልሽ፣ ታንኳዋን ብቻህን አወጣሃት ወይስ ሰው ጠራህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ የማይጠየቀውን መጠየቅ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ጥናቱ እዚህ ይሠራ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አለው፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን በር ያውቃሉ። የሐይቁን ዳር ቀበሌዎች በዕጣ ለሁለት መክፈል ይቻላል። በግማሾቹ ውስጥ ሠራተኞቹ ሠልጥነው ስለ ሕመሙ ያስተምሩ፣ ፍርሃትን ያስወግዱ፣ ከሥራው ጋር የሚሄድ ልምምድ ያሳዩ፣ ታንኳ በሁለት ሰው ወይም በግንድ እያንከባለሉ ማውጣት ይሞከር። በቀሩት የተለመደው ሕክምና ይቀጥል። ከዓመት በኋላ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀሩ ይቆጠር። የቤት ለቤቱ ሥራ ከፖስታዎቻችን ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ወባና ቲቢ እያለ፣ በግጭት የተጎዱ ጤና ተቋማት ለወገብ ጊዜ ይኖራቸዋል ወይ የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ተቋማት የወገብ ታማሚውን ዛሬም በየቀኑ እየተቀበሉ፣ ራጅ እያነሡ፣ መርፌ እየወጉ ነው፤ ጊዜው እየጠፋ ያለው አሁን ነው።

ሐሳቡን ለአያ ሳጫውታቸው ያሳሰባቸው ዕጣው ነበር። "ምንም ከማይደረግለት ጋር ቢጥለኝስ?" አሉ። ያኛውም ወገን እስካሁን የሚያገኘውን እንደሚያገኝ፣ የሠራ ነገር ካለም ጥናቱ ሲያልቅ ለእርሱም እንደሚደርሰው ነገርኳቸው። መረባቸውን እየፈቱ ጥቂት አሰቡ።

"እንግዲያው በዐቢይ ጾም እንዳትመጡ" አሉ። "ያን ጊዜ ዓሣ ይፈለጋል፤ ወገቤን አላማክረውም።"