እርማት፦ በድራፍት መመረጥ በረኛን ከኮሌጅ ጨዋታ አያስወጣም

የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ሊግ) ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን የማስፈረም መብት ለማግኘት በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። «የኤንኤችኤል ቡድን በድራፍት የመረጠው የበረዶ ሆኪ በረኛ የኮሌጅ ጨዋታው ያኔ አበቃ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ደጋግሞ ሲጻፍ አየሁ። በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ከቅርጫት ኳስ ሕግ ጋር ተምታቶ ይመስለኛል። በሆኪ ግን ከኮሌጅ የሚያስወጣው ከኤንኤችኤል ቡድን ጋር ውል መፈረም እንጂ መመረጥ አይደለም።

በረኛውን ኬን ድራይደንን ተመልከቱ። ቦስተን ብሩይንስ በ1964 እ.ኤ.አ. መረጠው፤ ብዙም ሳይቆይ እሱን የማስፈረም መብት ወደ ሞንትሪያል ካናዲያንስ ተዛወረ። እሱ ግን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ1967 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፣ እስከ 1969 ተጫወተ። በ1971 በመደበኛው ውድድር 6 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ፣ በጥሎ ማለፉ በሩን ጠብቆ የስታንሊ ዋንጫን (የኤንኤችኤል ሻምፒዮን ዋንጫን) ማንሳቱ እስካሁን ይደንቀኛል! ሌላው በረኛ ኮነር ሄለባክም ለዩማስ ሎውል ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው በ2012 በዊኒፔግ ጄትስ ከተመረጠ በኋላ ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የድራፍቱን ዓመት ከኮሌጁ የተጫዋቾች መዝገብ ጋር ያመሳክር። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ «ኮሌጅ ቀረብኝ» ብሎ ተቻኩሎ ውል የሚፈርም የ18 ዓመት ልጅ፣ ክፍት የነበረውን በር በገዛ እጁ ይዘጋዋል።