ክሩ የተበጠሰበት ዘፈን

ጓደኛዬ ኮንሰርት አይወድም። ሮክ ግን ይወዳል። የምወደውን ባንድ ያስተዋወቀኝም እሱ ነው፤ አልበሞቻቸውን ከነቅደም ተከተላቸው በቃሉ ይወጣቸዋል። ትኬት መቁረጤን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ? ጥርት ያለው ቅጂ እጅህ ላይ እያለ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተገትረህ የሰው ክርን ጎንህን ይደቃሃል?» አለኝ። ድምፁ ቤት ውስጥ ይሻላል አለ። ፊታቸውንም በቪዲዮ ቀረብ አድርጎ ያየዋል። ሽንት ቤትም ወረፋ የለም።

ሦስቱም እውነት ነው። ስለ ሽንት ቤቱማ ባይነሳ ይሻላል። እኔ የማልስማማው እሱ ኮንሰርትን በሚያይበት መንገድ ነው። ለእሱ ኮንሰርት ማለት ያው አልበሙ ነው፤ ብቻ ጮክ ብሎ፣ ድምፁም ተበላሽቶ።

አልበም እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ድራሙ ለብቻው ይቀረጻል። ቤዙ በላዩ ይደረባል፤ ጊታሩ ይከተላል። ድምፃዊው አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ይዘፍንና ከየሙከራው ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ይገጣጠማል። ስለዚህ ያ በፍቅሩ የከነፍንለት ዘፈን፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዲያ አድርጎ የተጫወተው ሰው ላይኖር ይችላል። አልበምን ማጣጣሌ አይደለም። አልበም ሌላ ሥራ ነው፣ መድረክ ሌላ ሥራ ነው።

የእንግሊዞቹ ባንድ ቢትልሶች ይህ ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1965 ኒው ዮርክ ሼ ስታዲየም ውስጥ ከ55,000 በላይ ሰው ፊት ተጫወቱ። የሕዝቡ ጩኸት መሣሪያቸውን ሁሉ ዋጠው። ራሳቸውን እንኳ መስማት አልቻሉም። ድራመሩ ሪንጎ ስታር ዘፈኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው የጓደኞቹን ጀርባና የጭንቅላታቸውን እንቅስቃሴ እያየ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። በዓመቱ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1966፣ ሳን ፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ ፓርክ ላይ ተጫውተው በቃን አሉ። ከዚያ በኋላ ጉዞውን ትተው ስቱዲዮ ገቡ።

ዛሬ ያ ችግር የለም፤ ለርቀቱም ሳይቀር መላ ተገኝቶለታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው፣ ዱላው ድራሙ ላይ ሲያርፍ ካየ በኋላ ምቱን የሚሰማው ሲሶ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው። ትልልቅ ሜዳዎች ላይ መሀል ላይ በማማ የተሰቀሉ ስፒከሮች አይታችሁ ይሆናል። የእነሱ ድምፅ ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እኩል እንዲደርስ። አለዚያ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለቴ እንሰማው ነበር።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ለፊት መስመር አልጋፋም። አንዴ ሞክሬዋለሁ። የሰማሁት ድራምና ቤዝ ብቻ ነው። የድምፃዊው ድምፅ ከላይ ከተሰቀሉት ስፒከሮች ወጥቶ በጭንቅላቴ ላይ ወደ ኋላ አለፈ። አሁን የምቆመው ሚክሰሩ አጠገብ ነው። የድምፅ ባለሙያው ሁሉን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በራሱ ጆሮ ሰምቶ ነው፤ ለእሱ ያማረ ድምፅ ለእኔም ያምራል። ብልጠት በሉት።

እንግዲህ ወደዚያች ማታ ልምጣ። የባንዱን ስም አልጠራም። ከጠራሁት ወሬው ሁሉ «እነሱ እኮ ከሁለተኛው አልበም በኋላ አበቃላቸው» ወደሚል ክርክር ይዞራል።

መብራቱ ድርግም አለ። ሰው ሁሉ ጮኸ። የመጀመሪያው ዘፈን ድምፁ ተበላሽቶ ወጣ። ይህ የተለመደ ነው። አዳራሹ ባዶ ሳለ የተስተካከለ ድምፅ ሰው ሲሞላበት ይለወጣል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣል። አጠገቤ ያለው ባለሙያ ጣቶቹ ሚክሰሩ ላይ ይሯሯጡ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን አጋማሽ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ቤዙ በጫማዬ ሶል ገብቶ ደረቴ ላይ ወጣ። ጓደኛዬ ቤቱ ያለው ስፒከር ይህን አይሠራም፤ ቢሠራም ጎረቤት አያስቀምጠውም።

አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ዘፈን ላይ፣ ጊታሪስቱ ሶሎው ላይ፣ ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ቦታ ላይ ደረሰ። እያንዳንዷን ኖታ አውቃታለሁ። ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዷን ኖታ ወደ ላይ ሲስባት ቀጭኗ ክር ጧ ብላ ተበጠሰች። ጊታሩ ከቅኝቱ ወጣ፤ ክፉኛ አንቃጨለ። እሱም እጁን አነሳና ወደ ጎን አየ።

ጥቁር የለበሰ ሰው፣ ትንሽ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ሌላ ጊታር አቅፎ ጎንበስ ብሎ ሮጠ። የጊታሩ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አልገባ አለ። የጃኬቱ ኮሌታ ያዘው። እኔ ግን ያየሁት ድራመሩንና ቤዚስቱን ነው። ተያዩ። ምንም አልተባባሉም። ድራመሩ ጸናጽሉን ትቶ ምቱን ዝቅ አደረገ፤ ቤዚስቱ ሁለት ኖታ ላይ ቆሞ እነሱኑ ይመላለስባቸው ጀመር። ድምፃዊው ማይኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳቀ። ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሁላችንም።

አንድ ደቂቃ? ሁለት? አላውቅም። አዲሱ ጊታር ተሰካ። ጊታሪስቱ ግን ወዲያው አልገባም። አንድ ክር ነካ፣ ቁልፏን በትንሹ አዞረ፣ ደግሞ ነካ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የተጫወተው ሶሎ አልበሙ ላይ ያለው አልነበረም። ያ የሁለት ኖታ ምልልስ ሌላ መንገድ አሳይቶት ነበርና በዚያው ሄደ። አራት ደቂቃ የማይሞላው ዘፈን ስምንት ደቂቃ ፈጀ። አዳራሹ ተቀወጠ።

እኔ የሄድኩት ለዚህ ነው። አስቀድሜ ግን አላውቀውም ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ ስለ አንድ ባንድ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መጠበቅ ይችላል? አንዱ ሲወድቅ የቀሩት ዘፈኑን ይዘውለት ይቆያሉ?

ብዙዎቹ ዛሬ አይችሉም። ሙያ ስለጎደላቸው አይደለም። ድራመሩ ጆሮው ውስጥ ምት የሚቆጥር ድምፅ አለ። መብራቱ፣ ስክሪኑ፣ ከመድረኩ የሚፈነዳው እሳት፣ አስቀድሞ የተቀረጸው የቫዮሊንና የአጃቢ ድምፅ ሁሉ ከዚያ ቆጠራ ጋር ተሳስሯል። ክር ቢበጠስ ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እሳቱ ይፈነዳል። ለ60,000 ሰው የሚሠራ ትልቅ ትዕይንት ያለዚያ እንደሚያስቸግር ይገባኛል። ያምራልም። ግን እንዲህ ያለውን ኮንሰርት ሳይ ጓደኛዬ ትዝ ይለኛል። ለዚህኛውስ ልክ ነው፤ ቪዲዮው ይበቃል።

የተገላቢጦሹም አለ። አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ታዳሚው በካርቶን ጽፎ ከሚያነሳለት የዘፈን ጥያቄ እየመረጠ ይጫወታል። ጓዶቹ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2012 ሄልሲንኪ ላይ አራት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ተጫውቷል። እግሬ ባይችለውም ያን ማታ እዚያ በነበርኩ እላለሁ።

ጓደኛዬ ግን በቀላሉ አይረታም። «ክዊኖችን ላይቭ ኤድ ላይ ያየኸው በምንድን ነው? በቪዲዮ አይደል?» አለኝ። ያዘኝ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደን ዌምብሌይ ላይ፣ በኢትዮጵያ ለተራቡ ሰዎች እርዳታ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ኮንሰርት፣ የክዊን ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ቃል የሌለው ዜማ ያወጣል፤ 72,000 ሰው ይቀበለዋል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሁሌም ይነዝረኛል። ግን ልብ በሉ፣ የሚነዝረኝ የሕዝቡ ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ የሠሩት ቤታቸው ያልቀሩት ናቸው።

ስለ ስልክ ትንሽ ልናደድ። የሮክ ሙዚቀኛው ጃክ ዋይት እ.ኤ.አ. በ2018 ኮንሰርቶቹ ላይ የታዳሚው ስልክ በሚቆለፍ ከረጢት ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ያኔ ማካበድ መስሎኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ከፊቴ የነበረው ልጅ ሙሉውን ዘፈን በስክሪኑ ውስጥ አየው፤ እኔም ሳልወድ በእሱ ስክሪን አየሁት። ደግሞ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ስልኬ ውስጥ ከዚያ ማታ የቀረጽኩት ሁለት ደቂቃ አለ። የሚታየው የሰው እጅ ነው።

ጆሮንም አትርሱ። ዘ ሁ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ከስፒከሮቹ 32 ሜትር ላይ ሲለካ 126 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አስመዝግቦ በጊነስ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። ጊታሪስቱ ፒት ታውንሸንድ በጆሮ ጩኸትና በመስማት ችግር እንደተሠቃየ ራሱ ተናግሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የኮንሰርት ድምፅ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። የጆሮ መድፈኛ ይዤ ነው የምሄደው። ፋራ ነው የሚለኝ ካለ፣ በማግስቱ ጆሮው ጭው ሲል ያወራኛል።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። «ያንተን ኮንሰርት አገኘሁት፤ ያ የምታወራለት ዘፈን አለበት» ይላል። ከፈትኩት። ጥሩ ተቀርጿል፣ ድምፁም አይከፋም። ሶሎው ተጀመረ። ኖታዋ ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። ጧ። ከዚያ ምስሉ ተንቀጠቀጠና መሬቱን፣ የአንድ ሰው ጫማን አሳየ። ጭብጨባው ሲጀምር ቪዲዮው አለቀ። የቀረጸው ሰው ሁለቱንም እጁን ፈልጎት ነበር።