ባለ ስድስት መቶ ምስክሩ ሙሽራ

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ጥሩምባ እያስነፋ የሚያልፍ አንድ ባለውለታ አለን። ይህ ሰው ከወር ደመወዙ የቤት ኪራዩንና የአስቤዛውን ከፍሎ ለትራንስፖርት የሚተርፈውን በጣቱ የሚቆጥር ሆኖ ሳለ፣ ገና ወደፊት ሠርቶ የሚያገኘውን ደመወዝ በሁለት ቀን ለሕዝብ አብልቶና አጠጥቶ የሚጨርስ ለጋስ ነው። “ምነው ይህን ብር ለጎጆ መውጫ ቢያደርገው” እያሉ የሚያሙት ቋጣሪዎች በየሰፈሩ ስለ በዙ፣ ለሙሽራው ጥብቅና የሚቆም ጸሐፊም እስካሁን ስላላየሁ፣ ይህን ምስጋና ለክብሩ ማቅረብ ግዴታዬ መሆኑን አምኜበታለሁ። በየዓመቱ ጥር በመጣ ቁጥር የጥሪ ካርድ የሚደርሰኝና ቁርጥ የማልጠላ ሰው በመሆኔ፣ ምስጋናዬ ከጥቅም የጸዳ ነው ብዬ አልምልም።

ሙሽራችን ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው የሕግን ንፍገት በማረሙ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከሙሽራው ወገን ሁለት፣ ከሙሽሪት ወገን ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮችን ብቻ ይጠይቃል። አራት ሰው በአንድ ላዳ ታክሲ ተጭኖ መጥቶ፣ ፈርሞ፣ ቡና ጠጥቶ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ ታዲያ ይህ ምኑ ሰርግ ይባላል? ሙሽራችን ሦስት መቶ ካርድ ያሳትማል፤ በካርዱም ላይ “ከነባለቤትዎ” የምትለዋን ቃል በወርቅማ ቀለም ስለሚያስጽፍ ሦስት መቶው ምስክር ስድስት መቶ ይሆናል፤ ልጆችንና የልጆችን ሞግዚት ሳንቆጥር። ከነዚህም መካከል የአባቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የእናቱ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ አሁን ያለበት ሰፈር ዕድርተኞችና ከአሥር ዓመት በፊት የለቀቁት ሰፈር ዕድርተኞች ይገኙበታል። ሙሽራው በስም የሚያውቃቸው መቶ ቢሞሉ ነው፤ ነገር ግን ያልተጠራ ሰው እንደሚያኮርፍና ኩርፊያውም እስከ ልቅሶ ቤት ድረስ እንደሚከተል ስለሚያውቅ፣ የማያውቃቸውን አምስት መቶ ሰዎች ቅሬታ በራሱ የወደፊት ደመወዝ ይሽራል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያጠግበው ብር ከየት ይመጣል ለሚሉ ጠያቂዎች መልሱ ዕቁብ ነው። የቀደሙት ሰዎች ዕቁብ የገቡት ለመቆጠብ ነበር፤ ሱቅ ለመክፈት፣ በሬ ለመግዛት፣ የቤት ጣሪያ ለመቀየር፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚጥሉትን በየተራቸው ጠቅለል አድርገው ለመውሰድ። በዚህ አሠራር ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ቆጣቢ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚደርሰው ግን ያለ ወለድ የተበደረ ነው። ሙሽራችን ከሁለቱ የትኛው መሆን እንዳለበት አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። ሃያ ሰዎች በየወሩ 20,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ነው እንበል፤ ዕጣው የወጣለትን ሰው ያስለምናል፣ ለውለታው የሚሆን ጥቂት ሺህ ብር ይቆርጥለታል፣ ከዳኛውና ከጸሐፊው ፊት ዋስ ያቀርባል፣ ከዚያም ከ400,000 ብር ትንሽ ጎደል ያለውን ታጥቆ ይወጣል። ብሩ የአዳራሽ ኪራይ፣ የዲኮርና የምግብ ቀብድ ሆኖ በዚያው ሳምንት ያልቃል፤ 20,000ው ግን ለቀሪዎቹ 19 ወራት በየወሩ ይጠራዋል። ሙሽሪትም በመሥሪያ ቤቷ የራሷ ዕቁብ ስላላት፣ ሁለቱ ከጫጉላ ሲመለሱ የመጀመሪያውን የጋራ ንብረታቸውን፣ ማለትም ዕዳቸውን፣ ቁጭ ብለው ይተዋወቁበታል። ዋሱ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ሚዜ መሆኑንም አለመጥቀስ ነውር ነው፤ በተከራየው ሱፍ ውስጥ እስክስታ ሲመታ ትከሻው የሚከብደው ለምን እንደሆነ ከስድስት መቶው ምስክር መካከል የሚያውቅ የለም።

ቋጣሪዎቹ ግን “ባንክ ያስቀምጠው” ይላሉ። ሙሽራችን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ መልሱም ከኢኮኖሚ ባለሙያዎች መልስ አያንስም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ሂሳብን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ጨዋ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107,000 ብር አግኝቶ ደስ ሲለው፣ በ100,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ130,000 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ሲቆጥቡ ከኖሩት መካከል ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ አሉ። “እነርሱ ቆጥበው ምን አገኙ?” ሲል ሙሽራችን ይጠይቃል፤ “እኔ ብሩ ሳይረክስ በላሁት። ዕዳዬም ከብሩ ጋር አብሮ ይረክሳል።”

ይህ ክርክር ግማሽ እውነት ያለው መሆኑ እጅግ ያስደስተኛል፤ ግማሽ እውነት ያለው ሰበብ ሙሉ ውሸት ከሆነው ሰበብ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነውና። ዕዳው ሲረክስ ደመወዙም አብሮ እንደሚረክስ፣ የቤት አከራዩ ግን በየዓመቱ ጭማሪ መጠየቅ እንደማይረሳ ለሙሽራው ማስታወስ ደግሞ በሰው ደስታ መግባት ይሆናል። አንዳንድ ይሉኝታ የሌላቸው ሰዎች በዚያው በ2014 ዓ.ም. ብራቸው እንዳይረክስ ብለው የልብስ ስፌት መኪና፣ የዱቄት ወፍጮ፣ ቆርቆሮና ብሎኬት ገዝተው አስቀምጠዋል። ዕቃው ዋጋውን ጠብቋል፣ አልፎም ከፍ ብሏል ይላሉ። ይሁን፤ ነገር ግን የልብስ ስፌት መኪና ሲገዛ ማን እልል ይላል?

በሰርጉ ዕለት የሚደረገውን በቅርብ ያላየ ሰው የብሩን አካሄድ ሊረዳ አይችልም። ከፊት የኋላ በሯን የከፈተች መኪና ትሄዳለች፤ ካሜራ ማኑ እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ኋላ እያየ ይቀርጻል፤ ከኋላው ሊሞዚኑና በአበባ የተሸለሙት መኪኖች ሁለቱን መስመር ይዘው አደባባዩን ደጋግመው ይዞራሉ፤ አምቡላንስ ቢመጣ እንኳ በትህትና ተራውን ይጠብቃል። ከዚያ ለፎቶ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወይም ወደ ወዳጅነት ፓርክ ይወጣል። እንግዶቹ በዚህ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ይዘው ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ይህም ለሰው ልጅ የትዕግሥት ትምህርት በነጻ የሚሰጥበት ብቸኛው መርሐ ግብር ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ድሮኑ ከጣሪያው ሥር ዝቅ ብሎ ይበራል፤ እናቶች ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው እልል ይላሉ። የሙሽሪት አባት በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ዶሮ ወጡን ጠቅልለው ለአማቻቸው ሲያጎርሱ ካሜራ ማኑ፣ “አባባ፣ ይቅርታ፣ እንደገና ያጉርሱት፤ መብራቱ አልነበረም” ይላቸዋል። አባባም ደግመው ያጎርሳሉ፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ የሙሽራው ዓይን እንባ ሲያቀርር ቀረጻው በመጨረሻ የሚፈለገውን ስሜት አግኝቷል ይባላል። ባለ አምስት ደረጃውን ኬክ በሚመለከት ደግሞ ከአምስቱ ደረጃ የሚበላው አንዱ ብቻ መሆኑን በምስጢር ነግረውኛል፤ የቀሩት አራቱ የሚታዩ እንጂ የሚበሉ አይደሉም። በዕለቱ ከወጡት ወጪዎች ሁሉ ራሱን በሐቅ የገለጠው ይህ ኬክ ነው።

ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ይህ ልማድ ከቤተ መንግሥት የወረስነው ነው ሲሉ ይከራከራሉ፤ እውነትም ዳግማዊ ምኒልክ በግብር አዳራሻቸው መኳንንቱንና ወታደሩን በሺህ እየቆጠሩ በተራ ያበሉ ነበር። ልዩነቱ ግን ለሙሽራችን ክብር የሚጨምር ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ ያበሉት አገሩ አስቀድሞ ያስገባላቸውን እህል፣ ማርና ሰንጋ ነበር፤ ሙሽራችን የሚያበላው ግን እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ገና የሚያስገባውን ነው። ምኒልክ እንኳ ይህን አልደፈሩም።

በሃይማኖት በኩልም ደጋፊ አያጣም። “ነገ ለራሱ ይጨነቃልና ለነገ አትጨነቁ” የሚለውን ቃል ሙሽራችን በቃሉ ይዞታል። ቃና ዘገሊላም የሚከበረው ጥር 12 ቀን፣ ሰርጉ በሚደራበት ሰሞን መሆኑ ለእርሱ አጋጣሚ አይደለም፤ ወይን ጠጁ በመካከል ያለቀበት ደጋሽ ስድስት የድንጋይ ጋን ሙሉ ተአምር ከተደረገለት፣ ለእኔስ ምን ይሳነዋል ብሎ ያምናል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቆጥር በሉቃስ ወንጌል መጻፉን ያነሣበት አንድ ዘመድ ነበር። ሙሽራው ሳይቆጣ፣ ያ ቃል ስለ ግንብ እንጂ ስለ ድንኳን አለመነገሩን አስረዳው።

እዚህ ላይ ለሙሽሪት ፍርድ ማጉደል አይገባም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ገና ቀብድ ሳይከፈል በፊት፣ “በቤተ ክርስቲያን እንጋባና ለቅርብ ቤተ ዘመድ ምሳ እናብላ፤ የቀረውን ለቤት ቅድመ ክፍያ እናድርገው” ያለች ልጅ አንድ ጊዜ አጋጥማኛለች። ይህ ሐሳብ በቤቱ ውስጥ ያስነሣው ድንጋጤ የሚገርም ነበር። አክስቷ በመጀመሪያ ጤንነቷን ጠየቁ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አንቺ ልጅ፣ አረገዝሽ እንዴ?” አሏት። እናቷ፣ “የሰው ሰርግ ስበላ ኖሬ የእኔን ልጅ በድብቅ ልድር?” ብለው አለቀሱ፤ ዕንባቸውም የውሸት አልነበረም፤ ለሠላሳ ዓመት በሰው ድግስ ሽንኩርት ሲከትፉና እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ ሴት የዋሉትን ውለታ በአንድ ምሳ ዝጊው ሲባሉ እንዴት አያለቅሱ? የልጅቱ አጎት ከአሜሪካ ደውሎ ቬሎውን እኔ እልካለሁ አለ፤ በዚህም የቬሎው ጥያቄ ተፈታ፤ ለቬሎው የሚመጥን አዳራሽ የመፈለግ ጥያቄ ግን በዚያው ስልክ ተጀመረ። ልጅቱ በመጨረሻ እጅ ሰጠች። በሰርጓ ቀን ከሁሉም በላይ አምራ እንደ ነበር እመሰክራለሁ፤ ከስድስት መቶዎቹ ምስክሮች አንዱ ነበርኩና።

ከመልሱና ከቅልቅሉ በኋላ ሁለቱ አንድ ክፍልና ጠባብ ኩሽና ወዳላት የኪራይ ቤታቸው ገቡ። ከስጦታው ውስጥ አራት ረከቦት፣ ከኪራይ ቤቱ ጣሪያ የሚረዝም የአበባ ማስቀመጫና በየትኛውም ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ያልቻለ ትልቅ የፍሬም ፎቶ ይገኙበታል። ሶፋ ስላልነበራቸው እንግዳ ሲመጣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ ፎቶውም ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ስለ ቆመ እንግዳው ከሙሽሮቹ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል። የሰርጉን ቪዲዮ ማየት የፈለገ ሰው ግን አልተሳካለትም፤ ካሜራ ማኑ ቀሪ ሂሳቡ ሳይከፈለው ቅጂውን አልሰጥም ብሏል፤ የአባባ ሦስተኛ ጉርሻም እስካሁን በእርሱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል።

ዕቁቡ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ክርስትናው በአርባኛው ቀን ስለሆነ ጊዜ አልነበረምና አክስት፣ አጎትና ሁለቱ አያቶች ወዲያውኑ ተሰበሰቡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ከጥንዶቹ ኑሮ አንጻር ነገሩን ቀለል ማድረግ እንደሚያስፈልግ ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ፤ አክስቷም ብዕር አስመጥተው የሁለት መቶ ሰው ስም መጻፍ ጀመሩ።