ኮርኒሱ ቀድሞ ውሃው ሲቀር

ሳቢያንንና በድሬዳዋ ዳር የተስፋፉትን አዳዲስ ሰፈሮች በእግሩ የዞረ ሰው አንድ ዓይነት ቤት ደጋግሞ ያያል። ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፣ የላሜራ በሩ ተገጥሟል፣ የውጭ ግድግዳው ግን ብሎኬቱ እንደተገለጠ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ አንዱ ክፍል ተለስኖ፣ ወለሉ ሊሾ ተደርጎ፣ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ከጎኑ ያለው ክፍል አሸዋና የሴራሚክ ካርቶን ተከምሮበት ተራውን ይጠብቃል። ጥቂት የማይባሉት ቤቶች ገንዘባቸው የሚመጣው ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከሚኒሶታ ወይም እኔ ከምኖርበት ከቶሮንቶ ነው።

ባላለቀ ቤት መግባትን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች አጋጥመውኛል። እኔ አልስማማም። ቶሮንቶ ባለችበት በካናዳዋ የኦንታሪዮ ግዛትም ሰው ባላለቀ ቤት ይገባል። ምድር ቤቱ የእንጨት ቋሚዎቹ እንደተገለጡ፣ ወለሉ ባዶ ኮንክሪት እንደሆነ፣ ባለቤቱ ከላይ ይኖራል፤ ገንዘብ ሲያገኝ ምድር ቤቱን አሳምሮ ያከራየዋል። የግዛቲቱ የሕንፃ ደንብም ይህን ይፈቅዳል። የሚጠይቀው ሌላ ነው። ውሃው መጥቷል ወይ? ፍሳሹ ይወርዳል ወይ? ማሞቂያውና መብራቱ ይሠራሉ ወይ? የደረጃው መደገፊያ ተተክሏል ወይ? የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል ወይ? ስለ ሳሎኑ ቀለም የሚጠይቅ የለም።

እኛ ዘንድ ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ዓይን የሚስበው ቀድሞ ይሠራል፤ ለኑሮ የሚያስፈልገው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ይታወሳል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የያዘው ወደ ውጭ የሚላከው ፎቶ ነው እላለሁ። ሳቢያን ውስጥ ያነጋገርኩት አንድ የጂፕሰም ባለሙያ ሳይሸሽግ ነገረኝ፦ «ጋሼ፣ ገንዘብ የሚልኩት ሰዎች የሚጠይቁኝ ኮርኒሱን ነው። ስለ ቧንቧው የጠየቀኝ የለም።»

የአክስቴን ቤት ልውሰድ። የምታሠራው ጅዳ ያለችው ልጇ ናት። የሳሎኑ ኮርኒስ ባለ ሁለት ደረጃ ጂፕሰም ነው፤ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ተቀብሮበታል። ወለሉ ፖርሴሊን፣ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ሳይቀር ያብረቀርቃል። ፎቶው ጅዳ ሲደርስ ልጅቷ በደስታ አለቀሰች። ያንን እንባ አከብራለሁ፤ በሰው ቤት ደክማ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ ሳሎኑ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ጂፕሰሙ ዝቅ ብሎ ሲሠራ የጣሪያ ማራገቢያ የሚንጠለጠልበት ቦታ ጠፋ። የማራገቢያ ክንፍ ከወለሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ መንጠቆውም የሚታሰረው ጂፕሰሙ ላይ ሳይሆን ክብደት በሚሸከመው የጣሪያው እንጨት ወይም አርማታ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት የሚታሰብ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ለሚታፈነው አየርም መውጫ አልተተወለትም፤ ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመው ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይወርዳል።

«ሳሎኑ ለእንግዳ ነው ልጄ፤ እኛ በረንዳ ላይ ነን» አለችኝ አክስቴ።

በረንዳው ገና ሸካራ ኮንክሪት ነው። ጥላ የለውም፤ መብራት እንኳ አልተሳበለትም። የድሬ ሰው ግን ምሽቱን የሚያሳልፈው ደጅ ነው፤ ቡናው የሚፈላው፣ ጎረቤት የሚሰበሰበው፣ ልጁ ደብተሩን የሚዘረጋው እዚያ ነው። ከዚራ በሚባለው የከተማዋ ነባር ሰፈር ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች ልብ ብሎ ያየ ይህን ይረዳል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስና ከተማዋ ስትቆረቆር፣ ቤቶቹን ያሠሩት ፈረንጆች ኮርኒሱን ከፍ፣ በረንዳውን ሰፋ አደረጉ፤ በየመንገዱም ዛፍ ተተከለ። ከቀዝቃዛ አገር የመጡትን ሰዎች ሙቀቱ አስተማራቸው። የተወለድንበትን ሙቀት እኛ ስንረሳው ያሳዝነኛል።

በደንገጎ ዳገት አድርገው ሐረር ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጡ የሚታሰበው ግንቡ ሲታሰብ ነው። ነደባ የሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ከቤቱ ጋር አብረው ይገነባሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ሥርዓት አለው። መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች ከግድግዳው ጋር የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሴቶቹ ስፌት በግድግዳው ላይ ይደረደራል። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ምንጣፍ አንጥፎ መኖር ይቻላል። ዛሬ የምንሠራው ሳሎን ግን ሶፋና ቡፌ ካልገባለት ባዶ አዳራሽ ነው፤ ሶፋው ሲገባ ደግሞ ሶኬቱ ከጀርባው ተደብቆ ይቀራል።

ቶሮንቶ ውስጥ ግድግዳ በጂፕሰም ቦርድ ከመሸፈኑ በፊት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሽቦው፣ ቧንቧው፣ የሙቀት መከላከያው ሳይሸፈን ይታያል፤ ካላለፈ መሸፈን አይቻልም። ድሬዳዋ ላይ ሰው ሠራተኛ በእጅ ዋጋ ይዞ፣ ዕቃውን ራሱ እየገዛ በሚያሠራው ቤት፣ ያንን ዓይን መሆን ያለበት ባለቤቱ ነው። ስልኩ ለዚህ ይጠቅማል። ከልስኑ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ፎቶ ይነሣ፤ ሽቦውና ቧንቧው በየት እንዳለፈ፣ ከጥግ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ሜትሩ ተዘርግቶ ይታይ። ገንዘብ ላኪው የሚጠይቀው ፎቶ ይህ ይሁን። ከዓመታት በኋላ ግድግዳ የሚበሳ ሰው ያመሰግነዋል።

የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ከማቀዝቀዣውና ከውሃ ፓምፑ ጋር በአንድ የሶኬት መስመር ላይ ከተያያዘ ሽቦው ይግላል፤ እሳትም ያስነሣል። የራሱ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ከልስን በፊት ይህ የጥቂት ሜትር ሽቦ ዋጋ ነው፤ ከሴራሚክ በኋላ ግድግዳ መፈንቀል ነው።

ውሃውም እንዲሁ። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ቀትር ላይ ለእጅ የሚከብድ ትኩስ ውሃ ያወርዳል። የድሬ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ቅርፊት የገላ መታጠቢያውን ቀዳዳና የውሃ ማሞቂያውንም ይደፍናል። ስለዚህ በየመታጠቢያ ቤቱ እጅ የሚደርስበት መዝጊያ ያስፈልጋል፤ ማሞቂያውም ግድግዳ ሳይነካ ተፈትቶ የሚጸዳበት ቦታ ላይ ይሰቀል። ልስኑ ራሱ ውሃ ይጠይቃል። ቶሮንቶ ላይ የአጨራረስ ሠራተኛ በክረምት የሚቸገረው አልደርቅ በሚል ግድግዳ ነው፤ ድሬ ላይ ልስኑ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ለቀናት ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ማጠጣት ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በተተከለበት ከተማ ልስን በእጅ ሲነካ እንደ ዱቄት ሲረግፍ ማየት አይገባም ነበር።

የክፍያው ነገርም አለ። በኦንታሪዮ ሕግ አሠሪው ከእያንዳንዱ ክፍያ 10 በመቶ ይዞ ያቆያል፤ የሚለቀቀው በሕጉ የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ነው። የሕጉ ዓላማ በሥራ ተቋራጩ ሥር የሚሠሩትና ዕቃ አቅራቢዎች ገንዘባቸውን ሳያገኙ እንዳይቀሩ ነው፤ ነገር ግን ሥራ ተቋራጩም የጎደለውን ለማሟላት ይመለሳል። ድሬ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ተከፍሎ ተከፍሎ መጨረሻ ላይ ለሠራተኛው የሚቀረው ገንዘብ ያነሰ ስለሚሆን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት በሮች ሳይገጠሙ ይቀራሉ። ከክፍያው ጥቂቱን ይዞ ማቆየትን ከመጀመሪያው በጽሑፍ መስማማት ማንንም አይበድልም፤ ቃሉን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ዋስትናው ነው።

የአገር ቤቱን መንገድ አላጣጥልም። እኔ የማውቃቸው የቶሮንቶ ባለቤቶች ቤታቸው አምሮ ሲገቡ የ25 ዓመት ዕዳ ይዘው ነው፤ ወለዱ ከፍ ባለ ቁጥር እንቅልፍ ያጣሉ። አክስቴ ግን ያለችው በራሷ ጣሪያ ሥር ነው፤ ለባንክ አንድ ብር የለባትም። በየዓመቱ አንድ ክፍል መጨረስ የሚያኮራ ነው፤ የትኛው ክፍል፣ ከክፍሉም የትኛው ሥራ ይቅደም የሚለው ብቻ ይስተካከል።

ለአክስቴ ቤት ከልጇ ጋር በስልክ ተነጋግረን ተስማምተናል። መጀመሪያ የበረንዳው ጣሪያና መብራት፣ ቀጥሎ ለሮቶው ጥላ፣ ከዚያ ለምጣዱ የራሱ መስመር ይሠራል። የሳሎኑን ጂፕሰም መካከሉን ከፍቶ ማራገቢያ ማሰር ይቻል እንደሆነ ባለሙያው መጥቶ ይለካል። ቡፌው ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።