ለክቡር የቤት ኪራይ ደላላ፦ ስለ ድንኳኑ ጉዳይ

ለክቡር የቤት ኪራይ ደላላ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ገና ያልሞተ ተከራይ ቤት እንዲያገኝ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በጡረታ የምኖር፣ ጉልበቴ በደብረ ብርሃን ብርድ ያለቀ፣ ሐኪም «ቆላ ይውረዱ» ስላለኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ ድሬ የገባሁ ሽማግሌ መሆኔን ያውቃሉ፤ ትናንት ረፋዱ ላይ ሳቢያን ሰፈር ወስደው ለአከራይዋ ሲያስተዋውቁኝ አንድም ሳያስቀሩ ነግረዋቸዋልና። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ መስተንግዶ በቃል ምስጋና ለማቅረብ አንደበቴ ስለተያዘ ነው።

ቤቷን ወድጃት ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራች አንድ ክፍል ሰርቪስ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የላትም፣ መስኮቷም የሚከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። በዚህ በግንቦት ሙቀት ገና በአራት ሰዓት የብረት በሯ በእጅ አይነካም ነበር። «ሙቀት ለቁርጥማት መድኃኒት ነው፣ ፋዘር» አሉኝ፤ 5,000 ብር ሲባልም የመድኃኒቱ ዋጋ እንደታከለበት ገባኝ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ማራገቢያ ክልክል መሆኑ ተነገረኝ። የጡረታ አበሌን አሰብኩና ማራገቢያው ይቅርብኝ፣ ሌሊት ፍራሼን ደጅ አውጥቼ እተኛለሁ ብዬ ተስማማሁ።

አከራይዋ ከእግር እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ ወደ እርስዎ ዞረው፣ እኔ በቦታው እንደሌለሁ ሁሉ፣ «ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አሉ። እርስዎ ሁለት ዓመት ቀንሰው ነገሩልኝ፤ ስለ ውለታው አመሰግናለሁ። «ልጅ አላቸው? እዚህ ዘመድ አላቸው? እድር ገብተዋል?» ሲሉ፣ አገር ላልለመደ እንግዳ የሚቀርብ የደግነት ጥያቄ መስሎኝ እኔው ቀድሜ መልስ ሰጠሁ። «እኔማ ደግ ሰው መሆናቸው ጠፍቶኝ አይደለም» አሉ አከራይዋ፣ «ግን አንድ ነገር ቢሆኑ ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ግቢ ነው። ለቀስተኛውን የት አስቀምጠዋለሁ?» እርስዎም ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በዓይንዎ ከለኩ በኋላ፣ እኔ አጠገብዎ ቆሜ፣ «መኪናው ከወጣ ይበቃል» ብለው መለሱላቸው።

አከራይዋም የመኪናውን ነገር ካሰቡበት በኋላ ተለሳለሱ፤ ስድስት ወር ቅድሚያ ከከፈልኩና ወጣት ተያዥ ካመጣሁ መግባት እችላለሁ ተባለ። ሒሳቡ የጠፋብኝ እዚህ ላይ ነው። እስከ መስከረም በሕይወት መቆየቴ የሚያጠራጥር ከሆነ የስድስት ወር ኪራይ 30,000 ብር በምን ሒሳብ ይጠየቃል? የምቆይ ከሆነስ ግቢው ለምን ይለካል? «ድንገት በሁለተኛው ወር ብሞት የአራቱ ወር ገንዘብ ለማን ነው?» ብዬ በትሕትና ብጠይቅ፣ «ያው ለድንኳኑ ይሆናል» አሉኝ። ይህን ያህል የታሰበልኝ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ አከራይ የሚቀበለው ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ይህንኑ ባነሣብዎ የሰጡኝን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም፦ «አቦ ፋዘር፣ አዋጁ ቤት የለውም፤ እሳቸው ቤት አላቸው።» ሁለት ዓመት የሚለውን ስጠቅስ ደግሞ አከራይዋ በሐዘኔታ አዩኝ።

ክቡር ሆይ፣ ድሬ የመጣሁት ለመሞት አይደለም። ለመሞትማ ደብረ ብርሃን ይበቃኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያዋጣሁበት እድር እዚያ ነው፣ ድንኳኑም ወንበሩም እዚያ አለ። እኔ የመጣሁት ጠዋት ያለ ምርኩዝ ተነሥቼ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር አልፌ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርቴንና ቲማቲሜን ገዝቼ በእግሬ ለመመለስ ነው። ከደመወዙ ግብሩ ሲቆረጥበት ኖሮ በስልሳ ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ማደሪያ ሲጠይቅ መቀበሪያ እንደጠየቀ መቁጠር ነውር ነው። ቆሞ በሚሰማ ሰው ፊት የለቅሶውን ቦታ መለካት ነውር ነው። እርስዎም እናትና አባት ይኖርዎታል፤ እነሱን ይዘው ቤት ፍለጋ ወጥተው ያውቃሉ?

«ይሄ ካልተስማማዎት» ብለው ያሳዩኝን የደቻቱ ወንዝ ዳሯን ርካሽ ቤት ጉዳይም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የበላ መሆኑን ይህች ከተማ አልረሳችም። ያን ቤት ሲያሳዩኝ ግን ስለ ዕድሜዬም ስለ ድንኳኑም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ቅድሚያውም ሦስት ወር ብቻ ነበር።

ኮሚሽንዎን ከአከራይም ከእኔም መቀበልዎን አልቃወምም። ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ስለሚሆኑ ስልክ አለማንሣትዎንም ለምጄዋለሁ። ቀበሌ ለመመዝገብ የኪራይ ውል አምጣ እንደሚል፣ አከራይ ደግሞ ውል ለመፈረም የድሬ መታወቂያ አምጣ እንደሚል ማንም የሚያውቀው ስለሆነ አልተርከውም። «ከየት ነው የመጡት?» የሚለው ጥያቄ ግን በድሬ አፍ ሲጠየቅ ይገርመኛል። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ከተማዋን የቆረቆራት ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ነው፤ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም፣ ሕንዱም ከአገሬው ጋር አብሮ ኖሮባታል። ለእነዚያ ሁሉ ሰዎች ቤት ሲከራይ የለቀስተኛ መቀመጫ ይለካ እንደነበር አልሰማሁም።

እስከዚያው የማድረው አልቤርጎ ነው። ሒሳቡን በየማታው ስለሚቀበሉኝ ነገ ልኑር አልኑር የሚያስጨንቀው ሰው እዚያ የለም፤ ነገር ግን በዚህ አያያዝ አበሌ ወር አይደርስም።

ስለሆነም በአዋጁ መሠረት የሁለት ወር ኪራይ በባንክ ለመክፈል፣ የሁለት ዓመት ውል ለመፈረምና ቢቻል ሁለቱንም ዓመት ለመኖር ዝግጁ መሆኔን እየገለጽኩ፣ ማራገቢያ የሚፈቅድ ግቢ ካለ ነገ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። የሌለ እንደሆነ ግን ትናንት ሳቢያን ለመሄድ «ማሳያ» ብለው የተቀበሉኝን 200 ብር ይመልሱልኝ፤ እርስዎ ያዩት ግቢውን እንጂ እኔ ቤቱን በወጉ አላየሁትም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው ፋዘር